የውሻዋ ዱቄትና የእኔ ዋንጫ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን ለውሻው ቪታሚን ገዝቶ መጣ። ጣሳው ያብረቀርቃል፤ ላዩ ላይ ፀጉሩ የሚያንጸባርቅ ውሻ ተስሎበታል። «እማዬ፣ ይሄን የሚበላ ውሻ ጤናው ይሻሻላል ይላሉ፤ እውነት ይመስልሻል?» አለኝ። «ከዚህ በፊት ምን በልቷል?» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ! እሱ ምን ያውቃል። እኔ ግን ያን ጣሳ ሳየው ስንት ዘመን ተኝቶ የኖረ ንዴቴ ብድግ አለ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ሲሆን የተዳርኩት ግን ከቆሰበር ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ቤት ነው። ባሌ ፈረስ ነጋዴ ነበርና እቤቱ የሚያድርበት ቀን በጣት ይቆጠራል። አማቴ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔን በአማርኛ ቢያናግሩኝም አባትና ልጅ ሲጫወቱ በአገውኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ አገውኛ አልሰማም። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ በምን እንደሳቁ ግን እግዜር ይወቀው። በዚያ ቤት ያለ አንዳች ቋንቋ የምግባባው ከቀይዋ ውሻ ጋር ብቻ ነበር። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ትከተለኛለች፣ ቁጭ ስል እግሬ ሥር ትተኛለች፣ ሲመሽ ጓሮ መውጣት ካለብኝ ቀድማኝ ወጥታ ጅብ አለመኖሩን ታይልኛለች። ዘመዴ እሷ ነበረች፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

አማቴም ይወዷት ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። የባዝራቸውን ውርንጭላ ከጅብ አፍ ያስጣለች ውሻ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ታሪክ ያነሡታል፣ ጠባሳዋን ገልጠው ያሳያሉ። ፍቅራቸው ግን አፋቸው ላይ ነበር እንጂ ሳህኗ ላይ አይደርስም።

ያን ዓመት በቅበላ ሰሞን አራት ቡችሎች ወለደች። ወዲያው ሁዳዴ ገባ። እኛ ጾምን፤ እሷም ሳትጠየቅ አብራን ጾመች። ቤቱ የሚበላው ገብስና ድንች ነው፣ ለእሷ የሚደርሳት የድንች ልጣጭና የቂጣ ፍርፋሪ። ላሟ ጠዋትና ማታ ትታለባለች፤ እኔው ነኝ የማልባት። ወተቱ ተጠራቅሞ ለፋሲካ ቅቤ ይናጣል። ታዲያ አሬራው ለውሻዋ አይሆንም? እንዴት ተደርጎ! የላሟን ወተት ውሻ ከቀመሰው የላሟ ጡት ይደርቃል ይባላል። አማቴ ብቻ አይደሉም፣ መንደሩ በሙሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የተረፈው አሬራ ዓይኗ እያየ መሬት ላይ ይደፋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላሉ፤ የእኛ ላም እንኳ እዚሁ ምድር ላይ ነበረች።

ሁለቱ ቡችሎች ሞቱ። የእናታቸው የጎን አጥንት ከሩቅ የሚቆጠር ሆነ፤ ፀጉሯ በጭብጥ ይነቀላል። አማቴ ተጨነቁ። አንድ ቀን ፈረሳቸውን ጭነው ዳንግላ ገበያ ሄዱና ጣሳ ይዘው ተመለሱ። የሸጠላቸው ሰው አዲስ አበባ ፈረንጅ ቤት ሠርቻለሁ ባይ ነው። የፈረንጅ ውሻ እንደዚያ የሚያምረው በዚህ ዱቄት ነው ብሏቸዋል። ስሙ ቢታሚን ይባላል፤ በቀን አንድ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ መስጠት ነው። ደግሞ ምን ብሏቸዋል? «ሌላ ምግብ አያብዙባት፣ የመድኃኒቱን ኃይል ያበርደዋል።» ወይ ጉድ! በረሃብ ለምታልቅ ውሻ ምግብ አታብዙባት ብሎ መምከር! ያን ሰው ባገኘው ኖሮ ጣሳውን ሙሉ አስውጠው ነበር።

እኔ ምን ላድርግ፣ የታዘዝኩትን በጠበጥኩ። ቀምሼውማለሁ፤ ኖራ ኖራ ይላል። ምናልባት እውነተኛ መድኃኒት ይሆን ይሆናል፣ አላውቅም፣ አልተማርኩም። ጠግባ ለምታድር ውሻ ይጠቅም ይሆናል። ባዶ ሆድ ላይ ግን ምን ይሠራል? እሷ ደግሞ ምስኪን፣ ከእጄ ስለመጣ ብቻ ትልሰዋለች። በሳምንቱ ሦስተኛው ቡችላ ሞተ። አማቴ ሬሳውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና «መድኃኒት እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ።

በዚያን ጊዜ ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የነፍስ አባቴ ለጽንሱ ሲሉ ከጾሙ ፈትተውኝ በቀን አንድ ዋንጫ ወተት እንድጠጣ አዝዘዋል። አማቴም አልከለከሉኝም፤ እንዲያውም ዋንጫው እስከ አፉ እንዲሞላ ያዛሉ። ታዲያ በአገሩ ወግ ምራት አማቷ ፊት አትበላም፣ አትጠጣም። ዋንጫዬን ይዤ ጓዳ እገባለሁ፤ እዚያ ምን እንደማደርግ የሚያይ የለም።

በደብረ ዘይት ዕለት ዋንጫዬን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። የተሰበረ ገንቦ ገል ነበር፣ እሱ ላይ ገለበጥኩላት። አጠጣጧን ብታዩ! ጨርሳ ገሉን ስትልስ ገሉ ከድንጋይ ጋር ይንቋቋል፤ አማቴ እንዳይሰሙ ብዬ በእግሬ ያዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። የላሟን ወተት ለውሻ አልሰጠሁም፣ የራሴን ነው የሰጠሁት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዱቄቱን ደግሞ እንዳይነቃብኝ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ጓሮ የተተከለው ድንች ሥር እደፋለሁ። ድንቹም ያው ድንች ነው፣ ምንም አልታየበትም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሻዋ ተመለሰች። ፀጉሯ ተኛ፣ ዓይኗ በራ፣ የቀረችው አንዲት ቡችላ እንደ ድንች ድብልብል አለች። አማቴ መሬት አልበቃቸው አለ! ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያገኙትን ሁሉ ጎትተው እያመጡ ያሳያሉ። «ፈረንጅ እኮ ጅል አይደለም» ይላሉ፤ ጣሳውን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው ያወጡታል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ወተቴን እኔ አጥቼ ምስጋናውን ኖራ ሲበላው አንጀቴ አረረ። ግን ብናገር ወተት ለውሻ መስጠቴ ሊወጣ ነው። 

እኔም ከሳሁ። ጉንጬ ገባ፤ ስነሣ ምድር ይዞርብኛል። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ እንኳ እንደ ቀድሞው አይራገጥም። ይህ ያስፈራኝ ነበር፤ ሌሊት ሆዴን ይዤ ነገ እጠጣለሁ እላለሁ፣ ሲነጋ ውሻዋ በጓሮ በር ቆማ ታየኛለች፣ እሸነፋለሁ። ዛሬ ሳስበው በራሴም እናደዳለሁ። ልጄን ከማስርብ ያን ጊዜውኑ ብጮህ ምን ነበረበት?

በሆሳዕና ዕለት ውኃ ቀድቼ ስገባ ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። እንስራው ተሰባበረ። አማቴ ደንግጠው ደግፈው አስገቡኝና ወደ ጓዳ ገቡ። ውኃ ሊያመጡልኝ መስሎኝ ነበር። ጣሳውንና ማንኪያውን ይዘው መጡ።

«እንኪ ልጄ፣ ቅመሺ። ውሻዋን ያነሣ አንቺንም ያነሣሻል» አሉኝ።

ምን እንደ ገባብኝ እንጃ። ድምፄን አማቴ ፊት ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴት ጮህኩባቸው። «ውሻዋን ያነሣት የእኔ ወተት ነው! እኔን የጣለኝም እሱው ነው! ዱቄትዎን ድንቹ በልቶታል፤ እሷ ከደብረ ዘይት ወዲህ አልቀመሰችውም! ምግብ ያጣችን ነፍስ በማንኪያ ኖራ ያድናሉ? ኧረ እግዜርን ይፍሩ!»

በጓሮ በር ወጡ። ቡችላዋ ገሉን ስትልስ አገኟት፤ ወተቱ ጠርዙ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል። አይተው ተመለሱ።

«ላሟስ?» አሉ።

«ዛሬ ጠዋትም ቅሉን ሞልታዋለች፤ እርስዎ ራስዎ አይተዋል።»

ቅሉን አነሡና ዋንጫውን ሞሉት። «እዚሁ ጠጪ» አሉኝ። ወደ ጓዳ ልነሣ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። «እዚሁ፣ ፊቴ።» እየተንሰቀሰቅሁ ጠጣሁ። እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ከዚያም ገሉን ራሳቸው አምጥተው ሞሉላት፤ ጎንበስ ብለው በአገውኛ አንድ ነገር ነገሯት። ምን እንዳሏት ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አማቴን እየመረቅሁ እኖር ነበር። አላበቃም።

በፋሲካ ማግስት አንድ ጎረቤት መጣ። የእሱም ውሻ ወልዳ ከስታለች፤ ልትሞትበት ነው። አይዋሽም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ያን ዱቄት ጥቂት ይቆንጥሩልኝ» አለ። ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ። አሁን ይነግሩታል አልኩ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? አማቴ ተነሡ፣ ጣሳውን እንዳለ አውርደው ሰጡት። «በቀን አንድ ማንኪያ» አሉት።

አላስቻለኝም። ሆዴን ተሸክሜ ብቅ አልኩ። «ወተት ነው!» አልኩ። «ውሻችንን ያነሣት ወተት ነው! እቤትዎ ያለውን ወተት ይስጧት!»

ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። «ምራትዎ ቀልድ ታውቃለች እኮ!» አለ። ወደ አማቴ አየሁ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልጅ ናት» አሉት። «አትስማት።»

ሰውየው መርቋቸው ወጣ። «ለምን?» አልኳቸው። «የላሜን ወተት ውሻ አጠጣሁ ብዬ ለጎረቤት ላውራ? ምን ይሉኛል?» አሉኝ። በዚያው ምሽት በሩን ከውስጥ ዘግተው የእኛን ውሻ ገል በወተት ሞሉላት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ከጭብጥ አትበልጥም፤ ጩኸቷ ግን የጤነኛ ነበር። የእኛ ውሻ ብዙ ዓመት ኖረች፤ አማቴም እስኪሞቱ ድረስ በየሄዱበት ዱቄቱን አወደሱላት።

የጎረቤታችን ውሻ በጰራቅሊጦስ ሰሞን ሞተች። ጣሳውን ጨርሳዋለች። በበረቱ አራት የሚታለቡ ላሞች ነበሩት።