ማህበሩ የወሰደው የስፌት መኪናዬ

የልብስ ሰፊዎች ማህበራችን የፈረሰው እጅ በማውጣት ነው። የካ ሚካኤል አካባቢ በነበረው የቀበሌ አዳራሽ ሰብስቦን፣ ሊቀመንበራችን አንድ ወረቀት አነበበ። ዘመኑ ተለውጧል፣ ነፃ ገበያ መጥቷል፣ ማህበሩ ወደ ግል ድርጅት ይዛወራል፣ ንብረቱም አብሮ ይዛወራል አለ። «የሚደግፍ?» ሲል እጆች ተግተልትለው ወጡ። ለዘመቻውም፣ ለመዋጮውም፣ ለሰልፉም እንዲሁ ስናወጣ ነው የኖርነው፤ መንግሥት መለወጡን ክንዳችን ገና አልሰማም ነበር። የእኔ እጅ የት እንደነበር ባትጠይቁኝ እወዳለሁ።

ንብረቱ ከተባለው ውስጥ የእኔ የስፌት መኪና አለበት። ገና ልጃገረድ ሳለሁ የሰው ልብስ እየሰፋሁ በላቤ የገዛሁት ነው። በደርግ ጊዜ ማህበሩ ሲቋቋም ሁሉም መኪናውን ያስገባ ተባለ፤ አስገባሁ። ያን ቀን ይኸው ሊቀመንበር «ጓዲት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሁላችን ነው» ብሎኛል። የሁላችን የነበረው እንዴት የእሱ ብቻ እንደሆነ ግን ያስረዳኝ ሰው የለም።

አልጠየቀችም እንዳይባል ጠይቄአለሁ። ቀበሌ ሄጄ፣ መኪናው የድርጅቱ ካፒታል ሆኗል ተባልኩ። ድርጅቱ ማነው ብል፣ ድርጅት ሰው አይደለም አሉኝ። ጎረቤቴ ቼኮዝሎቫኪያ የተማረ መሐንዲስ ነው፤ እሱን ጠየቅኩት። እዚያ ሶሻሊዝም ሲወድቅ ለየዜጋው የፋብሪካ ድርሻ የሚገዛበት ወረቀት ታድሎ ነበር አለኝ። ታዲያ የእኛ ወረቀት የታለ አልኩት። ወረቀቱን ካገኙትም ብዙዎቹ የእናንተን ሊቀመንበር ለመሰለ ሰው ሸጠውታል ብሎ ሳቀ። ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያሾፍብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ ለሊቀመንበሩ ተቀጥሬ፣ በገዛ መኪናዬ ደመወዝተኛ ሆንኩ። አጠገቤ ትሰፋ የነበረችው ወጣት ግን ከዓመታት በኋላ ትታን ወጣች፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ከመንግሥት የቆርቆሮ ሼድ ተሰጣት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ለስብሰባ ስትጠራ በሯን ዘግታ ትሄዳለች። ይኼም ነፃ ገበያ ነው ወይ ብላት፣ «የለም እትዬ፣ የእኛ ልማታዊ ነው» አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ እሷም አታውቀውም፤ ስብሰባ ላይ እንደዚያ ይባላል አለች። የሊቀመንበሩ ገበያ አንድ ዓይነት፣ የእሷ ሌላ ዓይነት፤ እኔ ያለሁበትን ስሙን የሚነግረኝ አጣሁ።

በኋላ የኤሌክትሪክ የስፌት መኪኖች መጡ። የድሮዎቹ ወደ መጋዘን፣ እኔም ወደ ቤቴ ተሸኘን። ሊቀመንበሩ ሲግናል አካባቢ አንድ ፎቅ ሥር ትልቅ የልብስ መደብር ከፈተ ሲሉ እሰማ ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ መኪናዬን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ቀለም ተቀብቶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተደርጎበት ለጌጥ ቆሟል።

ገባሁ። ሊቀመንበሩን እዚያው አገኘሁትና መኪናዬን ልትመልስልኝ ይገባል አልኩት። ሻጮቹ ሁሉ ቀና አሉ።

«እህቴ፣ ለዚህ ነው እንዴ?» አለ፤ ጓዲት ማለቱን ትቷል። «ውሰጂው፣ ስጦታዬ ነው።»

«ስጦታ አልጠየቅኩህም። መለስኩልሽ በል።»

«ምን ልዩነት አለው? ቤትሽ ይግባ እንጂ።»

ልዩነት እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን ለሻጮቹም ለራሴም በምን ቃል እንደምለው አላውቅም። እስካስብ ድረስ ሁለት ወዛደሮች መኪናውን አንስተው በር ላይ ደርሰዋል። እኔም አስቁሜያቸው ባዶ እጄን ልመለስ አልቻልኩም። ዳገቱን ተከትያቸው ወጣሁ። አመሰግናለሁ ሳልል ነው የወጣሁት፤ ይኼን አልክድም።

እሱ ግን በየለቅሶ ቤቱ ያወራዋል፤ እንዲያ ያለ መኪና ሰጥቻት ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም ይላል። የሰሙት በክፉ ያዩኛል። በቀደም አንዲት የዕድራችን ሴት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ታዲያ የሰጠሽ ሰው ምን በደለሽ?» አለችኝ። ካስገባሁበት ቀን ልጀምርላት ወይስ እጅ ከወጣበት ቀን እያልኩ ሳመነታ ንፍሮ መጣ፤ እሷም ፊቷን ወደ ሳህኑ መለሰች።