ለቤዛ የመረጥኩት ዳንስ

ትናንሽ መዳፎች የላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሲያርፉ «ጧ» የሚል አጭር ድምፅ አለ። የአራት ዓመት ልጄን ሊያን ጂምናስቲክ ወደምትማርበት አዳራሽ ይዣት በሄድኩ ቁጥር ያ ድምፅ ገና ከበሩ ይቀበለኛል፤ ሌሎቹ እናቶች ስልካቸውን አውጥተው ልጆቻቸውን ሲቀርጹ፣ እኔ ግን አቀርቅሬ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ወደነበረበት ጊዜ፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን እመለሳለሁ።

አባታችን ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሙዝ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ስለነበር፣ ቤት የሚያድርበት ቀን ከማያድርበት ያንስ ነበር። እማዬ በረንዳው ላይ ባስቀመጠችው የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ታናሽ እህቴ ቤዛ አራት ዓመቷ ነበር፤ እንደ ሰው መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ስትመጣ ተንከባላ፣ ከሳሎን ወደ ግቢ ስትወጣ በእጆቿ ቆማ ነበር። እማዬ መኪናውን አቁማ «አንቺ ልጅ፣ አንገትሽ ይቀጫል!» ብላ ትቆጣና፣ ወዲያው ፊቷን ወደ ጨርቁ መልሳ ትስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት የጥር ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ሲከትት፣ ሰፈራችን ባለው አዳራሽ ሕፃናትን ጂምናስቲክ የምታሰለጥን አንዲት ሴት በደጃችን ስታልፍ ቤዛን አየቻትና እማዬን አስፈቅዳ ወሰደቻት። ቤዛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዛሬ ምንጣፍ አለ?» ሆነ። የበልጉ ዝናብ መጥቶ ግቢያችን ጭቃ ሲሆንም አልቀረችም፤ እኔ አዝዬ አደርሳት ነበር።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አሰልጣኟ ቤታችን መጣችና «ልጅቷ አጥንት ያላት አትመስልም፤ ግን ትቸኩላለች፣ ምት አትጠብቅም። ዳንስ ብትማር ሙዚቃ መስማት ትለምዳለች» አለቻት እማዬን። እማዬ ደስ አላት፤ ነገር ግን ክረምቱ እየመጣ ነበር፤ ክረምት ማለት ደግሞ ለእሷ የዩኒፎርም ወቅት ነበርና ጠራችኝ።

«ሰኒ፣ ዳንስ የሚያስተምሩ ሁለት ቦታዎች አሉ አሉ። ሁለቱም ጋ ውሰጃትና አሳዪያት። የትኛው ደስ እንዳላት ዓይኗን አይተሽ ንገሪኝ። እሷን ስትጠብቂ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ደግሞ አንቺም አብረሻት ተማሪ።»

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው ሴቻ፣ እትዬ ወርቅነሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ግቢ ነበር። ማንጎ ዛፍ ሥር ሕፃናቱን ክብ ሠርተው ያቆሙና፣ ራሳቸው ከበሮ እየመቱ የጋሞን ጭፈራ ያስተምሩ ነበር፤ ሲመቱ መዝለል፣ ሲያቆሙ ባሉበት መድረቅ ነበር ትምህርቱ። ቤዛ ጫማዋን ሳትጠየቅ አውልቃ ገባች። ከበሮው ሲቆም አብራ ትቆማለች፣ ሲጀምር በሳቅ ትፈነዳለች። ልወስዳት ስል የእትዬ ወርቅነሽን ቀሚስ ይዛ «ነገም እንመጣለን አይደል?» አለች። እኔ ግን እዚያ እኩያ አልነበረኝም፤ ሁሉም አፍንጫቸው ያልተጠረገ ሕፃናት ነበሩ።

ሁለተኛው ከከተማው ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ፣ ፎቅ ላይ ነበር። ግድግዳው ሙሉ መስታወት፣ ጥጉ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ስፒከር፣ ሙዚቃውም በቴሌቪዥን ብቻ የማውቀው ዓይነት ነበር። የክፍሌ ልጆች እዚያ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ሁሉም ሊጠጋት የሚፈልጋት ሄለን እጄን ይዛ ወደ መሃል አስገባችኝና «ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ» አለችኝ። በመስታወቱ ራሴን ከእነሱ መሃል ሳይ ሌላ ሰው መሰልኩ። ቤዛ ከሁሉም ታንስ ነበር። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና፣ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ «ሰኒ፣ ቤት እንሂድ» ትል ነበር። ዓይኗን አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

ማታ እማዬ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች «እህስ፣ የትኛውን ወደደች?» አለችኝ። ቤዛ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ጋ እግሯን ትታጠብ ነበር።

«የሲቀላውን» አልኩ። «በጣም ነው የወደደችው።»

«በቃ፣ አንቺ ካልሽ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። በማግስቱ ከዩኒፎርሙ ሁሉ አስቀድማ ለሁለታችን አንድ ዓይነት የዳንስ ልብስ ሰፋችልን።

ክረምቱን በሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን በባጃጅ ቁልቁለቱን ወደ ሲቀላ እንወርድ ነበር። ቤዛ መንገዱን ሁሉ «ዛሬ ከበሮ አለ?» እያለች ትጠይቀኝ፣ እኔም «ነገ» እላት ነበር። አስተማሪው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እስከ ስምንት ይቆጥራል፣ የደረሰ ይደርሳል፣ ቤዛ ግን ስምንት ሲባል ገና አምስት ላይ ነበረች። ልጆቹ ሲስቁባት ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ጥግ እየሸሸች ሄደች። አንድ ቀን በባጃጅ ስንመለስ ማልቀስ ጀመረችና «ለእማዬ እነግራታለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ ያልኳት ነገር፣ ካደረግኩት ሁሉ የከፋው ነው። «ለእማዬ ከነገርሽ ጂምናስቲኩንም ታስቀርሻለች» አልኳት። እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላለቀሰችም፤ ለእማዬም «ቆንጆ ነው» ትላት ጀመር፣ እኔ እንዳስተማርኳት።

መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ወላጆች የሚጠሩበት የመዝጊያ ዝግጅት ሆነ። እኔ ከእነ ሄለን ጋር ፊት መስመር ላይ ነበርኩ፤ ቤዛን ከኋላ አቁመዋት ነበር። ሙዚቃው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከታች የሰው ሳቅ ሰማሁ። ዘወር ስል ቤዛ መድረኩ መሃል ደርቃ ቆማለች፤ እማዬ የሰፋችላት ልብስ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። ሄለን በእንቅስቃሴው መሃል ጠጋ ብላ «እህትሽ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ቤዛም አየችኝ። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

እኔ ፊቴን ወደ ተመልካቹ መልሼ ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

ከታች እየሮጠች የወጣችው እማዬ ነበረች፤ በነጠላዋ ጠቅልላት ታቅፋ ወረደች። እኔ ሙዚቃው እስኪያልቅ ጨፈርኩ። ተጨበጨበልን።

በዚያው ሰሞን ለመስቀል የአባታችን ቤተሰቦች ወዳሉበት ወደ ኦቾሎ ወጣን። ባለፈው ዓመት እንዳደረገችው አክስታችን በዘመድ ፊት «ቤዛዬ፣ እስኪ ተገልበጪልኝ!» ስትላት፣ ቤዛ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ገብታ ተደበቀች። «አሟታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አላመማትም። ወደ ቤት ከተመለስን በኋላም ወደ ምንጣፉ አልሄደችም፤ አሰልጣኟ ሁለት ጊዜ መጥታ ለምና ሁለቱንም ጊዜ ብቻዋን ተመለሰች። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በእግሯ፣ ቀስ ብላ ትመጣ ጀመር። እማዬ ለሰው ሁሉ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በአራት ዓመቷ ሁለት ነገር ጫንኩባት» ትል ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማት ነበር።

እማዬ ይህን ዓመታት ሙሉ ስትለው ኖረች፤ እኔም ዓመታት ሙሉ ሰማሁ። ባለፈው ወር ለሊያ ዳንስ ልጨምርላት እንደሆነ ስነግራት፣ እጄን ይዛ «አደራሽን ልጄ፣ እኔ ቤዛ ላይ እንደጫንኩባት እንዳትጭኚባት» አለችኝ። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። የማንጎውን ዛፍ፣ ከበሮውን፣ መስታወቱን፣ በባጃጅ ውስጥ ቤዛን ያልኳትን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን «እኔስ እናቷ ሆኜ፣ ልጅቷ እዚያው ግቢ ውስጥ እያለች ለምን ራሷን አልጠየቅኳትም?» አለች። ጥፋቴን ልወስድላት ሄጄ፣ ሌላ ጨምሬባት ተመለስኩ።

ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ለቤዛም ደወልኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ዳንሱን አላስታውሰውም፣ ሰኒ» አለችኝ። «ከበሮውንም አላስታውሰውም። እጄን ዘርግቼ ፊትሽን ስታዞሪብኝ ግን አስታውሳለሁ። ያየሽኝ አልመሰለኝም ነበር።»

«አይቼሻለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ ቀጥሎም ሊያ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ።

ሊያን ሁለት ቦታ ወሰድኳት። ከሁለቱም ስንወጣ መንገድ ዳር ተንበርክኬ «የትኛው ደስ አለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። አንዱ ከቤታችን አጠገብ ነው፣ ጥላ አለው፣ እናቶቹም ጓደኞቼ ናቸው፤ እሷ ግን ሩቁን መረጠች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን የከሰዓቱ ፀሐይ በሚያርፍበት አግዳሚ ላይ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መሃል ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ያኔ ለራሴ መርጬ የእህቴን ስም ሰጠሁት፤ ዛሬ ጠይቄ፣ የተባልኩትን አደርጋለሁ። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ነው፤ አንድ ጥያቄ ነው። ሊያ እየሳቀች ስትዘል ደስ ይለኛል፤ ደስታዬ መሃል ግን፣ ይህን ሁሉ የተማርኩት በቤዛ መሆኑንና ለቤዛ ምንም እንዳልተረፋት አስባለሁ።