ጋቢ ያለበስሁት ጠርሙስ

በ2011 ዓ.ም. ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንጅባራ ውስጥ አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ነበርሁ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስሁም። ሚስቴ ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እዘልላት ነበር፤ ስለ ዓሣ ብነግራቸው ይስቁብኛል እያልሁ ራሴን አታልል ነበር። ነገሩ ግን የዓሣ አይደለም፣ የሰው ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ። ሥራዬን ግን አይታገሠኝ።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ ትልቅ የዓሣ መስታወት ነበር። ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሣርና ቅጠል የተተከለበት፣ ቁጭ ብለው ቢያዩት የምንጭ ዳር የሚመስል። የሠራችው ይታይሽ የምትባል የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ስለ ዓሣ እርባታ ተምራ፣ ሥራ አጥታ እኛ ዘንድ የመጣች። የሆቴሉ ባለቤት ቃል ሰጥቷት ነበር። ጥር ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ጉግሱን ሊያይ እንግዳ ሲመጣ መስታወቱ አምሮ ከተገኘ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ካልሆነ ጓዟን ትሸክፋለች። እናቷን አምጥታ አብራት ልታኖር ቤት እስከማየት ደርሳ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ውሃ ውስጥ ያለ ቅጠል የሚመገበው አየር አለ፤ እኛ ተንፍሰን የምናወጣው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት። ይታይሽ እሱን የምታገኘው ከጠርሙስ ነበር። ስኳርና የዳቦ እርሾ በውሃ በጥብጣ ትከድነዋለች፤ ሲፈላ አየሩ በቀጭን ቱቦ ሄዶ መስታወቱ ውስጥ አረፋ አረፋ እያለ ይወጣል። ሽታው ቁርጥ የጠላ ጥንስስ ነው። ለዓሣ ጠላ ጠመቅሽለት ወይ እያልሁ እቀልድባት ነበር።

«እኔስ እርስዎ እንዳይቀምሱብኝ ነው የምፈራው፣ አያ ፈንቴ» ትለኝ ነበር።

ልኩንም አስተምራኛለች። ማጣሪያው ውሃውን አጥርቶ ሲመልስ የውሃውን ላይ በትንሹ እንዲያንቀሳቅሰው አድርጋ አፉን አቅንታዋለች። ውሃው በኃይል ከተናጠ የቅጠሉ ምግብ ይባክናል፤ ጨርሶ ከተኛ ደግሞ አየሩ ይጠራቀምና ዓሣው ይታፈናል አለችኝ። እኔ የያዝሁት የፊተኛውን ብቻ ነው። የኋለኛውን ልቤ አልተቀበለውም። በመስኖ ቦይ ያረጀሁ ሰው ስለ ውሃ ከዚች ልጅ ልማር? እንዲህ ነበር የምለው። ትዕቢቴን ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

በታኅሣሥ፣ ብርዱ በጸናበት ሰሞን፣ እናቷን ልትጠይቅ በጠዋት ባሕር ዳር ወረደች። ስትሄድ ዓይኔን ብቻ እንድጥልበት ለመነችኝ። «አረፋው ቢቀንስም አይንኩት፤ ማታ ስመለስ አስተካክለዋለሁ» አለችኝ።

አይንኩት አለችኝ። እኔ ነካሁት።

ረፋድ ላይ አረፋው ደከመ። ቅጠሉም ቢጫ ቢጫ ያለ መሰለኝ። ጥንስስ ብርድ ሲመታው እንደማይፈላ የማያውቅ የእኛ አገር ሰው አለ? በእኛ ቤት ጋኑን ጋቢ እናለብሰዋለን፣ እሳት ዳር እናስጠጋዋለን። እኔም ጋቢዬን አውልቄ ጠርሙሱን ጠቀለልሁት፤ የከሰል ማንደጃውን አምጥቼ አጠገቡ አኖርሁለት። ጥቂት ቆይቶ ነፍስ ዘራ። አረፋው ለመቁጠር እስኪያቅት ተግተለተለ። ደስ አለኝ፤ ስትመለስ ምን ትል ይሆን እያልሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህ ሁሉ ምግብ እንዳይባክን ብዬ ደግሞ የማጣሪያውን አፍ ወደ ታች ደፋሁት፣ መክፈቻውንም አጠበብሁት። የውሃው ላይ እንደ ዘይት ተኛ።

ምሳዬን በልቼ ስመለስ ዓሦቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ። የተራቡ መሰለኝ። የዳቦ ፍርፋሪ በተንሁላቸው። እነሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲሞቱ እኔ ጎረስ ጎረስ አድርጉ እያልሁ ፍርፋሪ በተንሁላቸው። አንዱም አልቀመሰም። አሥር ሰዓት ሲሆን አንድ በአንድ በጎናቸው ተንሳፈፉ።

የይታይሽ ሁለተኛው ቃል፣ ውሃው ከተኛ ዓሣው ይታፈናል ያለችው፣ ያኔ ነው ጆሮዬ የገባው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሮጬ ሰው ጠራሁ? አልጠራሁም። ጋቢዬን ከጠርሙሱ ላይ ገፍፌ ለበስሁ። ማንደጃውን ወደ ቦታው መለስሁ። የማጣሪያውን አፍ እንደነበረው አቀናሁ፣ መክፈቻውንም ለቀቅሁት። ፍርፋሪውን ሳይቀር በእፍኜ ለቀምሁ። ሳስበው የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አልረሳሁም።

አመሻሽ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ስትገባ ባለቤቱ መስታወቱ ፊት ቆሞ ጠበቃት። ዓሦቹን የጨረሰው ያ የእርሾ ጠርሙስሽ ነው ብሎ ጮኸባት። ማጣሪያውን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፤ ሁሉም ራሷ እንዳቀናችው ነው። ምን ትበል?

«ልኩን ተሳስቼ ይሆናል» አለች።

ንጹሕ ሰው በገዛ አፉ ራሱን ሲከስ ቆሜ ሰማሁ። ጋቢዬ ገና የጠርሙሱን ሽታ ይሸት ነበር።

ከዚያ ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሌላ የነካው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የጠየቀኝ በአማርኛ ነው። እኔ የመለስሁለት በአገውኛ ነው። ለምን በአገውኛ? እሱ የእኛው ሰው ነው፣ ይሰማል፤ ይታይሽ ግን አትሰማም። ፊቷ ቆሜ፣ ከእሷ በቀር ማንም አልነካውም፣ ልጅቷ ሥራዋን አታውቅም፣ ያንን ጠርሙስ እኔም ከመጀመሪያው አልወደድሁትም አልሁ። ሐሰት ሲያጥር ያስታውቃል ብዬ አስረዘምሁት፤ እጄን እያወናጨፍሁ፣ ድምፄን ከፍ እያደረግሁ። እናቴ አፌን በፈታችበት ቋንቋ የሰው እንጀራ ቆረጥሁበት። ባለቤቱ ሲነጋ እንድትሄድ ነገራት።

አላወቅሁም ነበር ልበል? ጋቢውን ሳለብሰው አላወቅሁም፤ ስገፍፈው ግን አውቅ ነበር። እርጅና ነው ልበል? አፌ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚናገረው። ይቅር በሉኝስ ብል እናንተ ምን አገባችሁ? የበደልኋት እሷ በማትሰማው ቋንቋ ነው፤ እሷ በሌለችበት ይቅርታ መጠየቅም ያው ሌላ አገውኛ ነው። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች ጠይቄ አላውቅም። አለመጠየቄንም ከበደሌ ላይ ጨምሩብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ መጣላት። ሻንጣዋን ጫንሁላት። ጠርሙሱን በካርቶን አድርጌ ያቀበልኋትም እኔ ነኝ። ከመግባቷ በፊት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«አያ ፈንቴ» አለችኝ፣ «ቋንቋውን ባልሰማም ትናንት ያን ያህል ሲሟገቱልኝ አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ለእኔ የቆሙልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁና «አሜን» አልሁ።