የአክስቴ ጅሪካን

ዶርማችን በር ላይ አንዷ ጅሪካን ስታስቀምጥ፣ ውሃው ሲንቦጫቦጭ የሸዋ ሮቢት ጠዋት ትዝ ይለኛል። ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ሽታ፣ የማንጎው ጥላ፣ የሴቶቹ ሳቅ። ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣብኝ ግን ንዴቱ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ከዚያ በፊት አክስቴ ደጃችን ላይ ተደናቅፋ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ከዳነላት በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የወር አበባ ከቆመ ወዲያ አጥንት እንደሚሳሳ አስረዳችን። ክብደት እያነሳች ጡንቻዋን ካላጠነከረች፣ ሌላ ጊዜ ስትወድቅ ዳሌዋ ሊሰበር እንደሚችልም አልደበቀቻትም። እናቴን ደግሞ "አንቺም ሳይቆምሽ ጀምሪ" አለቻት።

ነርሷ ግቢያችን መጥታ ስፖርቱ በየተራ የሚሠራባቸውን ቦታዎች አሳየችን። አንዱ ጋ ውሃ የተሞላ ጅሪካን ይነሳል፤ አንዱ ጋ ከማንጎው ግንድ የታሰረ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ይሳባል፤ አንዱ ጋ ከበርጩማ ብድግ፣ ቁጭ ይባላል። እኔ ሳጨበጭብ ሁሉም ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎረቤታችንም ተጨመረች።

ይታያችሁ፣ አክስቴ ጎንበስ ብላ ጅሪካኑን ስትይዝ እናቴ የራሷን ትታ ትሮጣለች። ጎረቤታችን ከመነዳሪውን ለቃ ከወዲያ በኩል ትይዛለች። አክስቴ "ተባረኩ" ብላ ጅሪካኑን ትለቅላቸዋለች። ነርሷ ይህ ስፖርት እንጂ ውሃ መቅዳት እንዳልሆነ ብታስረዳም፣ ጎረቤታችን "ወላሂ፣ እትዬ ተሸክመው እኔ ቆሜ አላይም" አለች። ለአክስቴ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲሠሩ አደረግኳቸው። ስታቃስት ሰምተው ዞሩ። ክረምቱ ሲጋመስ የእናቴና የጎረቤታችን ክንድ ጠንክሯል፤ የአክስቴ እንደነበረ ነው።

አንድ ጠዋት መታገስ አቃተኝ።

"ዳሌዋ ሲሰበርስ ታግዟታላችሁ?"

እናቴ፣ ታላላቆቼን እንደዚያ መናገሬ ነውር መሆኑን ነግራኝ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። አክስቴ ነጠላዋን አንስታ ሄደች። ዳግመኛ የምትመጣ አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ግን ያ የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ሳይ ማንም ሳይነሳ መጥታ፣ ማንጎው ሥር ብቻዋን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የምሄድ ዕለት ባጃጁ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አክስቴ ሻንጣዬን ብድግ አደረገችው። ሳላስበው እጄ ተዘረጋ።

"ተይ፤ የኔ ተራ ነው" አለች።

እናቴ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። አክስቴ በረጅሙ እየተነፈሰች፣ በየመሃሉ ትከሻዋ ወደ አንድ በኩል እያዘነበለ፣ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ስከተል ባዶ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።