ብረቱን አንቱ ያልኩበት ክረምት

ትናንት ልጄ ብርዱ ጠናብኝ ብላ ከቁም ሣጥን አናት ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋን አውርዳ ሰካችው። ዓመቱን ሙሉ የጠጣው አቧራ ሽቦው ላይ መቃጠል ሲጀምር ክፍሉን አንድ ሽታ ሞላው፤ የጋለ ፕላስቲክና የተጠበሰ አቧራ ሽታ። ልጄ መስኮት ልትከፍት ተነሣች። እኔ «ተይው፣ ይሽተት» አልኳት። «አባቴ በመጨረሻ ለየለት» በሚል ዓይን አየችኝ። ምን ልበላት? ይህ ሽታ የወጣትነቴ ሽቶ ነው ብላት ማን ያምነኛል? አንተም አትሳቅ፤ መጀመሪያ ስማኝ።

ከየካ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አንድ የጭቃ ቤት ነበር። ሳሎኑ በቺፑድ ለሁለት ተከፍሏል። በወዲህ በኩል አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ዴክ፤ ዴኩ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ትናንት ልጄን ያስበረገገውን ሽታ ያወጣል። በወዲያ በኩል ደግሞ አከራያችን፣ የተማሪ ዩኒፎርም በስፌት መኪና ሲሰፉ ይውላሉ። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነበር የሚላቸው። ዴኩና ካሴቶቹ የአንድ ጓደኛዬ ነበሩ። እኔስ? እኔ አስተርጓሚው ነበርኩ። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፊልሙ የሚናገረውን በአማርኛ እናገራለሁ።

እንግሊዝኛዬን ብትጠይቀኝ፣ ማትሪክ የጣለኝ እሱ ነው። ደግነቱ ፊልሞቹም እንግሊዝኛ አልነበሩም። ይህንንም ያወቅሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ የካሴቱን ሽፋን ገልብጬ ሳይ ነው። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከማላውቀው ቋንቋ ስተረጉም አንድም ሰው አልጠረጠረኝም። እኔም ራሴን አልጠረጠርኩም፤ ይኼ ነው የሚገርመው።

በጣም የሚወደደው የትልልቆቹ ብረቶች ፊልም ነበር። ሮቦት የሚለው ቃል ሰፈራችን ገና አልደረሰም፤ እኛ «ብረቱ» ነበር የምንለው። ፎቅ የሚያህል ብረት ከተማ መሐል ይራመዳል፣ ከባሕር ከሚወጣ አውሬ ጋር ይታገላል፤ ደረቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀጭን ልጅ ቁጭ ብሎ ይነዳዋል። የመጀመሪያ ቀን እንደ ልማዴ «ብረቱ መጣ፣ ድልድዩን ረገጠው» ስል፣ ከፊት ወንበር የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ዞሩብኝ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ለሞትም ለሰርግም የሚበቃ ሰው ነበሩ።

«አንተ» አሉኝ፣ «ይህን የሚያህል ነገር መጣ ይባላል? ያሳደገህ የለም?»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔም ጉራዬ ተነሣ። ከበርጩማዬ ተነሥቼ ለቴሌቪዥኑ እጅ ነሣሁና «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ። «ብረቱ መጡ። ድልድዩን ረገጡት።»

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱ አንቱ ሆኑ። ተቆጡ፣ በረሩ፣ ነዳጅ ጠጡ። ልጁ እንኳ የሚነዳቸው እየለመነ ነበር፦ «ጋሼ፣ እባክዎ ቀኝ እግርዎን ያንሡልኝ።» ሰው ከቀበና ማዶ ሁሉ እኔን ሊሰማ ይመጣ ጀመር። አንዴ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ ብረቱ የረገጧቸው ቤቶች ውስጥ የነበሩት ሰዎች የት እንደገቡ ጠየቀኝ። ደህና ጥያቄ ነበር፤ የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው አላሰቡበትም። እኔ ግን ሰዎቹ ለንግሥ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ነበር ብዬ ገላገልኩት። ከዚያ በኋላ ሰፈር በተረገጠ ቁጥር ከኋላ አንዱ «ዛሬም ንግሥ ነው?» ይለኛል።

እትዬ ፊልሙን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። በቺፑዱ በኩል የሚሰሙት የኔን ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ልጅ ነበራቸው። ለውትድርና ተወስዶ ታንክ ነጂ አድርገውት ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤው ውስጥ ፎቶ ነበረ፤ ከታንኩ አናት ላይ እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ ይስቃል። በዚያ ክረምት ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሩ በየአቅጣጫው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከሱሉልታ በኩል እንጦጦን ተሻግረው፣ በዝናብ በራሰው ባሕር ዛፍ መሐል ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የአንዳንዱ ጫማ በገመድ የታሰረ ነው። እትዬ ስፌታቸውን አቁመው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ አጥር በር ላይ ይቆማሉ። ያለፈውን ወታደር ሁሉ ስለ ልጃቸው ይጠይቃሉ። አየሁት የሚል የለም፣ ሞተ የሚልም የለም።

አንድ ቀን ሰዉ ወጥቶ ካሴት ስናጠነጥን፣ ከቺፑዱ ማዶ ተጣሩ። «ልጁ እዚያ ብረት ሆድ ውስጥ ሲውል ምን ይበላል?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ያንን ሳቅ ዛሬም መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል። እሳቸው ግን መልሱን ሲጠብቁ ጊዜ፣ እናቱ ምሳ ትቋጥርለታለች አልኳቸው።

«እናት አለችው እንዴ?»

«እንዴ፣ አለችው እንጂ እትዬ።»

የለችውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ብረት አየሁ፤ እናት ያለችው ነጂ አልገጠመኝም። አሁን የልጅ ልጄ በስልኳ ታያቸዋለች፤ ብረቶቹ ተሸልመዋል፣ ቀለም ተቀብተዋል። የልጁ እናትስ የት ናት እላታለሁ። «ኧረ አባባ፣ ፊልሙ እኮ ስለ እናቱ አይደለም» ትለኛለች። ልክ ናት። ስለ ጥይቱ ነው፣ ስለ አውሬው ነው፣ ስለ ከተማው መዳን ነው። ያንን ልጅ ጠዋት ማን እንደሸኘው፣ ማታ ማን በር እንደሚከፍትለት የሚጠይቅ የለም።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናት ጨመርኩ። ፊልሙ ውስጥ የሴት ድምፅ በተሰማ ቁጥር፣ ዜና አንባቢም ትሁን የመርከብ አዛዥ፣ እናቱ አደርጋታለሁ። «ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል፣ ቶሎ ግባ» አስብላታለሁ። እናትየዋ ስትናገር በወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል። ተናግራ ስትጨርስ ይቀጥላል። የኔም ትልቁ ክብር ይኼው ሆነ፤ ተመልካቹን ትቼ ለዚያ መኪና መተርጎም ጀመርኩ።

ከዚያ አዲስ ካሴት መጣ። አስቀድሞ አይቶ መዘጋጀት የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልነበረም፤ ከተመልካቹ ጋር አብሬ ነበር የማየው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ እጮኻለሁ። ብረቱ አውሬውን አቅፈው ባሕር ዳር ቆመዋል፤ እሳት ከጉልበታቸው ጀምሮ በላቸው። ተንገዳገዱ። እኔ በለመደ አፌ ለቀቅሁት፦ «ወደቁ! ተቃጠሉ! አልተነሡም!»

የስፌት መኪናው ቆመ። አልቀጠለም። የቺፑዱ መግቢያ ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ተገለጠና እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኛ ክፍል ገቡ፤ በአንድ እጃቸው ያልተገጠመ የዩኒፎርም እጅጌ ይዘዋል።

«ወደቁ ያልከው ማን ማንን ነው?» አሉኝ። «ብረቱን አክብረህ ነው፣ ወይስ ልጁንም ደምረህ?»

እየው እንግዲህ የኔን ቀልድ። አንዱን ብረት አንቱ ብዬ ሁለት ሰው አደረግሁት። እንደ ድሮው «ወደቀ» ብል ኖሮ የወደቀው ብረት ብቻ ነበር።

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ፊልሙ መልሱን ይሰጠኛል ብዬ ነበር። ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ሙዚቃ ይጮኻል። ልጁ የለም። ወጣም አልወጣም አላሉም፤ ረስተውታል። ቤቱ ሙሉ ሰው እኔን ያያል።

«ብረቱን ብቻ ነው እትዬ» አልኩ። «ልጁ ወጥቷል።»

«በየት?»

«በኋላ በኩል በር አለው።»

«የሱ በር ከላይ ነው» አሉ። የማንን እንዳሉ ገብቶኛል፤ ፎቶውን ስንት ጊዜ አሳይተውኛል።

«ይኼኛው ከኋላም አለው።»

«ተመስገን» ብለው ተመለሱ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

በማግሥቱ ጭላንጭል ፀሐይ ሲገኝ የልጃቸውን ፍራሽ አውጥተው አሰጡ፤ አንሶላውን አጠቡ። ቧንቧው ጋ ለጎረቤቶቻቸው፣ እነዚህ የሚነዱ ብረቶች የኋላ በር እንዳላቸው፣ ሰው የማያየው እንደሆነ ሲነግሩ ሰማሁ። ፊልም መሆኑን አጥተውት አልነበረም። ግን ሌላ ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ባልዲዬን አስቀምጬ፣ እትዬ ፈጠራዬ ነው ልላቸው ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ያወራሁት ስለ ዝናቡ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር መምጣት ጀመረ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ቺፑዱ አዙሮ። ፊልሙን የማያይ ተመልካች ሲገኝ አስተርጓሚ ይከፋዋል፤ እኔም ተከፍቼበት ነበር። አንድ ሐሙስ ሰዉ ሲወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«የኋላ በር አለው ያልካቸው አንተ ነህ?»

«ቀልድ ነው እኮ» አልኩት።

«የለውም» አለኝ። «እኔ በላይ ወጣሁ። እሱ ታች ነበር፣ መሪው ላይ።»

እሱና የእትዬ ልጅ አንድ ታንክ ውስጥ ነበሩ። ሊነግራቸው ሦስት ጊዜ ወደ እትዬ ክፍል ገብቶ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ሻይ አፍልተውለት፣ እግሩን አይተው አዝነውለት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠይቁት አፉ እየተያዘ ተመልሷል። «አንተ አፍ አለህ» አለኝ፣ «አንተ ንገርልኝ።»

አፍስ ነበረኝ። ይዤው የሄድኩት ግን ወደ ጥሩንባ ነፊው ነው። ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእሑድ ማለዳ ይሁን አሉ። አንተም ትመጣለህ፣ አንተን ያምኑሃል አሉኝ።

እስከ እሑድ ሁለት ቀን ነበር፤ ዓርብና ቅዳሜ። ብረቱ ይራመዳሉ፣ እኔም እተረጉማለሁ። እናትየዋን ግን ላናግራት አልቻልኩም። የሴት ድምፅ ሲመጣ ዘልዬ አልፈዋለሁ። ዓርብ ዕለት እትዬ ከማዶ ሆነው «ዛሬ እናትየዋን ምን ዋጣት?» አሉ።

«አሟት ነው እትዬ» አልኩ።

«ማርያም ትማራት።»

እሑድ ማለዳ ከእንጦጦ የወረደው ጉም ሰፈሩን ሸፍኖት ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ጋቢ የለበሱ ሰባት ስምንት ሽማግሌዎች፣ ወታደሩና እኔ አጥሩ በር ላይ ቆምን። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል። እትዬ በሩን ከፈቱ። በማለዳ ተሰብስቦ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማን ይነገራል? ግን የሽማግሌዎቹን ፊት አላዩም። አንድ በአንድ አልፈዋቸው እኔ ላይ ደረሱ።

«አንተ ንገረኝ» አሉ። «ልጁ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ከማላውቀው ቋንቋ፣ ያለ ዕረፍት የምለፈልፈው ሰውዬ፣ እናቴ ባስተማረችኝ ቋንቋ አንድ ቃል አጣሁ። ጉሙን፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ የእግራቸውን ነጠላ ጫማ አያለሁ።

«አልወጣም፣ እትዬ» አሉ ጥሩንባ ነፊው፣ እኔ ሲያቅተኝ።

የወታደሩ ክራንች ድንጋዩ ላይ ወደቀ። እትዬ የጮኹትን ጩኸት አልተረጉምልህም።

ድንኳን ተተከለ፤ ሰፈሩ አለቀሰ። ጓደኛዬ ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሌላ ቤት ወሰደው። እኔም አብሬው አልሄድኩም። ኋላ በሚኒባስ ረዳትነት ስንት ዓመት ጮኼያለሁ፤ እዚያ የመንገዱን ስም ብቻ ነው የሚጠሩት፣ ከዚያ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ለቅሶው ካለፈ ከብዙ ሳምንት በኋላ እትዬ ጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቺፑዱ በወዲያ በኩል ተቀመጥኩ። ጥቁር ለብሰው፣ መኪናቸው ፊት፣ ጨርቅ ሳያስገቡ ተቀምጠዋል። መስከረም ጠብቶ ስለነበር የተማሪዎች ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ያ የፊልሙ ልጅ» አሉ፣ «እሱም አልወጣም አይደል?»

«አላውቅም እትዬ። አላሳዩትም።»

ለእሳቸው የነገርኳቸው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

«እናቱስ ምን ሆነች?»

«እናት የለችውም። እኔ ነኝ የጨመርኳት።»

የመኪናውን ጎማ በመዳፋቸው ትንሽ አዞሩትና መልሰው አቆሙት።

«ደግ አደረግህ» አሉኝ። «ያለዚያ ማን ይጠብቀው ነበር?»

ከዚያ ዓይናቸው እንቢ እንዳላቸው ነገሩኝና የክሩን ጫፍ ሰጡኝ፤ በመርፌው ቀዳዳ እንዳስገባላቸው። አጎንብሼ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ሳትኩት። አላጣደፉኝም።