ዓይን ገላጩ ፎቶ አንሺ

ሰፈርተኛው ፎቶ አንሺውን «ዓይን ገላጭ» ይለዋል። ስሙ በቀልድ የወጣ ቢሆንም ሥራውን ልክክ አድርጎ ይናገራል። ብልጭታው ሲወጣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቢኖር ሌላው ፎቶ አንሺ ልድገም ይላል፤ እሱ ግን የታጠበውን ፊልም፣ ነጋቲቩን፣ ይዞ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና የተጨፈነውን ዓይን ይከፍተዋል።

እንዴት? ነገሩ ደስ ይላል። ነጋቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ግልብጥ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር። ስለዚህ በምላጭ ጫፍ የተፋቀ ቦታ ወረቀት ላይ ሲታተም ይጠቁራል፣ በሹል እርሳስ የተነካው ደግሞ ያበራል። ብሌኑን በምላጭ ይስላል፣ ጫፉ ላይ አንዲት የእርሳስ ነጥብ ጣል ያደርጋል፤ እንቅልፋሙ ሰውዬ ያያል። እርሳሱን በጥጥ መጥረግ ይቻላል። በምላጭ የተፋቀው ግን አይመለስም።

ለዚህ ነው ሚስቱ በሕይወት ሳለች አንድ ሕግ ያወጣችው፦ ምላጭ ከመነሳቱ በፊት አንድ ፎቶ ይታተማል። በዚያ ላይ ከኋላው ቆማ ታየውና ሲያበዛው «ተው፣ በቃህ» ትለው ነበር። ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ደንበኛውም ዋናው መንገድ ላይ ወደተከፈቱት ባለቀለም ፎቶ ቤቶች ሄዷል። ሕጉም ቀስ በቀስ ተረሳ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ማን ይቆጣዋል?

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት አክስቷን በክንዷ ይዛ ገባች። አክስቲቱ ጸሐፊ ነች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም፣ አትሰማም። የእህቷ ልጅ መዳፏ ላይ በጣቷ ፊደል እየጻፈች ታነጋግራታለች። ጸሐፊዋ እንደሷ ያሉ ልጆች ጓዳ ውስጥ እንዳይደበቁ ስትሟገት ኖራ ትምህርት ቤት አስከፍታላቸዋለች። አሁን ስለነሱ የጻፈችው መጽሐፍ ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ሽፋኑ ላይ ፊቷ እንዲወጣ ትፈልጋለች። ልጅ የደበቀ ወላጅ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው በዓይኑ ይይ ብላ ነው።

ፎቶ አንሺው ከልማዱ «ወደዚህ ይመልከቱ» አለ። ወዲያው አፈረ። ግራ ሲገባው ጣቱን አጮኸ፣ ባሰበት፤ የእህቷ ልጅ ሳቋ አመለጣት። መሬት ዋጪኝ እያለ ወደ ካሜራው ሲመለስ ግን የሴትዮዋ ፊት ተከተለው። ቆመ። ፊቷም ቆመ። ለካ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ እርምጃው በወንበሩ እግር አልፎ ይደርሳታል! ተረከዙን ሁለቴ መታ አደረገ። አገጯ ብድግ አለ፣ ግንባሯ ተፈታ፣ ሁለመናዋ ጆሮ ሆነ። ያኔ አነሳት። በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ፊት አላየም። ሁለተኛ ማንሳት እንኳ አላስፈለገውም።

ሊሄዱ ሲሉ ጸሐፊዋ የልጅቷ መዳፍ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ልጅቷ አመነታች። «አባባ፣ እዚህ ቤት የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው ወይ ትላለች። በእግሯ ስትዳስሰው ሳንቃው የተበላው በአንድ መስመር ነው አለችኝ፣ ፎቶ ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል እስከ መስኮቱ።»

እሱም «አዎ በያት» አለ።

ማክሰኞ ነጋቲቩን ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ፊቷ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ነግረውት ነበር፤ እጁ ግን አልሰማም። እንዲህ ያለ ፊት ላይ የፈዘዘ ዓይን? ስጦታ ሊሰጣት ፈለገ። ምላጩን አነሳ። በቃህ የሚል አልነበረም። ማታ ሲያትመው ጸሐፊዋ ቀጥ ብላ አየችው።

ረቡዕ መጡ። ልጅቷ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«ምነው ልጄ?»

«ያምራል አባባ» አለችና ፎቶው ላይ ዓይኖቿ እንደሚያዩ ቀስ ብላ የአክስቷ መዳፍ ላይ ጻፈች።

ጸሐፊዋ ድምፅ አውጥታ የምትናገረው ከስንት አንዴ ነው። ሻካራ፣ ከፍ ዝቅ የሌለው ድምፅ ወጣ። «የማን ዓይን ነው?»

እውነቱን ተናገረ። ቀድሞ የታተመ እንደሌለ፣ የተፋቀውም እንደማይመለስ ሳይደብቅ አስረዳ። ልጅቷ ቃል በቃል ጻፈችላት።

«ልጇን የደበቀች እናት ይህን ብታይ» አለች ጸሐፊዋ፣ «ይቺማ ታያለች ብላ በሩን መልሳ ልጇ ላይ ትዘጋዋለች።»

ሌላ አልጨመረችም። ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሱም ካሜራውን አዘጋጀና ተረከዙን ሁለቴ መታ። ፊቷ ዞረ። ትክክለኛ ፊት ነበር፣ ጨዋ፣ የተጠነቀቀ። የሰኞው ግን አልነበረም፤ የሰኞዋ ሴት እንግዳ ነገር የሰማች ነበረች፣ የረቡዕዋ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። አምስት ጊዜ አነሳት። ያ ፊት አልተመለሰም።

ሐሙስ አንዱን ሳይነካው አትሞ ሰጠ። ዓርብ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገባ፣ ዓይኖቿም እንዳሉት ሆነው።

ቅዳሜ የሚመጣ አልነበረም። የተፋቀውን ነጋቲቭ ብርሃን ላይ አንስቶ አየውና ምላጩን ጨምሮ የሚስቱ ዕቃ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁለት ባዶ እግሩን ሳንቃው ላይ አሳረፈ። ውጭ የጭነት መኪና ሲያልፍ ወለሉ በስሱ ተርገበገበ። ጸሐፊዋ እውነቷን ነው፣ በእግር ሁሉም ይሰማል። አንድ ሰው ደረጃውን ቢረግጥ በሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ያውቀዋል።

እስኪመሽ ተቀመጠ።