ወደ ቴፒ፣ ውሃ ሳልጠጣ

ከሚዛን ተፈሪ የተነሣነው ጉሙ ከተራራው ወርዶ መናኸሪያው ላይ በተኛበት ማለዳ ነው። የሰው እግር ይታያል፣ ፊት አይታይም። እኔ የምሄደው ወደ ቴፒ፣ እርድ ልገዛ ነበር። የቁፋሮ ወቅት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ መርጦ ይገዛል፣ የዘገየ ደግሞ የተረፈውን።

ሌላም ጉዳይ ነበረኝ፣ ለማንም ያልነገርኩት። ሰሞኑን ሽንቴ ያቃጥለኛል። ቶሎ ቶሎ ያስሮጠኛል፤ ሮጬ ስደርስ ግን ጠብታ ነው። ሚዛን ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ወረፋው ላይ የሚቀመጠው የገበያችን ሰው ነው። እኔ ደግሞ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። «ጥሩወርቅን ሽንቷን አቃጠላት» ከተባለ፣ ወሬው አጠገባችን ያለው ሸዋ ቤንች ሳይደርስ ለበሽታው ስም ይወጣለታል፣ ያስያዘኝም ወንድ ይገኝለታል። ስለዚህ «ብርድ ነው» ብዬ ለራሴ ፈረድኩና ተሳፈርኩ።

የሴት ነጋዴ ሕግ አለን፤ ያወጣው ሰው አይታወቅም እንጂ ሁላችንም እናከብረዋለን። ነገ መንገድ ካለ ዛሬ ከምሳ በኋላ ውሃ አይጠጣም። መኪና የሚቆመው ለወንድ ነውና።

ጫካው ውስጥ

ያኔ የቴፒ መንገድ አስፋልት ያልነካው ፒስታ ነበር። ሚኒባሱ እየተንገጫገጨ ደን ውስጥ ገባ። ዛፎቹ ሐረግ ተሸክመው፣ ከሥራቸው ቡናው ጥላቸውን ለብሶ፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ውሃ በየአቅጣጫው ይሰማል፤ ከድንጋይ ሥር፣ ከቅጠል ላይ፣ ከማይታይ ገደል። የኔ ከንፈር ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቋል።

ሸኮ ከመድረሳችን በፊት ሹፌሩ ታምራት አቆመ።

«ለውሃ ሽንት ነው! የቸኮለ ይውረድ!»

ወንዶቹ ወርደው ዛፍ ዛፍ ያዙ። እኛ ሴቶቹ ነጠላችንን አስተካክለን ወደ ፊት አየን፤ መስታወቱ ላይ የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አይወርዱም?» አለ ታምራት በመስኮት።

«ወርጄ ምን ላድርግ? ቡና ልልቀም?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ከጎኔ የሆነ ነገር ወጋኝ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን በደንብ አላስታውሰውም። ዛፎቹ አብረውን መሄድ ጀመሩ። አንዱ ግዙፍ ዋርካ ሦስት ጊዜ ያለፈን መሰለኝ። ሸኮ ላይ ሙዝ ተገዝቶ እጄ ላይ ተቀመጠልኝ፤ ስንደርስም ሳልልጠው እንደያዝኩት ነበር።

ቴፒ

የቴፒ ሙቀት እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሰው ላይ ይወድቃል። እኔ ግን ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እርዱን የምታቀርብልኝ ማርታ ደጃፏ ላይ ቀቅላ ያሰጣችው እርድ ግቢውን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል። እንደ ልማዴ አንዱን አንስቼ ለሁለት ሰበርኩት፤ ውስጡን ሳላይ እርድ አልገዛም። ቀለሙ ዓይኔ ላይ ዋኘ።

«ጥሩዬ፣ ትንቀጠቀጫለሽ!» አለች ማርታ።

«ወባ ነው» አልኳት ፈጥኜ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ወባ የተከበረ በሽታ ነው፤ ማንም ከየት አመጣሽው አይልም። «ከሱቅ ኪኒን አስገዢልኝና ልተኛ።»

ወደ መጸዳጃ ሄድኩ። የወጣው ትንሽ፣ የሥጋ እጣቢ የመሰለ ነበር። የእርድ ነጋዴ ሽንት ቀለም ቢይዝ ምን ይገርማል አልኩ። ስመለስ አስታወከኝ። ማርታ ልትደግፈኝ እጇን ከጎድን አጥንቴ በታች፣ በቀኝ ጀርባዬ በኩል ብታሳርፍ ጮህኩ።

«እዚህ ምን ሆነሻል?»

«ወባው ነው።»

«ወባ አንድ ጎን ብቻ ይይዛል እንዴ?»

«እንግዲህ የዘንድሮው ይይዛል።»

ማርታ የሰበርኩትን እርድ ከመሬት አነሣችና አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ስንት ዓመት ሙሉ ሳትሰብሪ ከኔ ገዝተሽ አታውቂም። እናቴ ቀቅላ ስትሸጥልሽም ሰብረሻል፤ አላመንሻትም። ወባውን ግን ሳትሰብሪ ገዛሽው! ተነሺ!»

ተነሣሁ። ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ጤና ጣቢያው

ባጃጁ ውስጥ ማርታ አቅፋ ይዛኛለች። ሰማዩ በሸራው ቀዳዳ እንደ ሳንቲም ይታያል።

የተቀበለችን ሲስተር ወጣት ናት፤ ከጣቴ ደም ወሰደች። «እዚህ አገር ትኩሳት ካለ ወባም መመርመር አለበት» አለች። ከዚያ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ወባ የለም፤ ሽንቴ ውስጥ ግን መግልና ደም አለ።

«እናቴ፣ ማቃጠሉ መቼ ጀመረ?» አለች ሲስተሯ።

ማርታን አየኋት፣ ግድግዳውን አየሁ፣ ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። የፈራሁትንም ጨመርኩ፤ «ያ... የሚያሳፍረው በሽታ ነው?»

«ከዚያም ሊመጣ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ተመርምሮ የሚታከም እንጂ የሚደበቅ አይደለም። የእርስዎ ግን ያለዚያም ሴቶችን ቶሎ ቶሎ የሚይዝ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ሲያቃጥል፣ ሲያጣድፍ፣ ከእምብርት በታች ሲያምም ቢመጡ ኖሮ በኪኒን ያልቅ ነበር። አሁን ወደ ኩላሊት ወጥቷል። ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ የጎኑ ሕመም፣ ትውከቱ እሱ ነው። ቤት ቢተኙ ደም ውስጥ ይገባል።»

«ከገባስ?» አለች ማርታ።

ሲስተሯ መርፌውን እያዘጋጀች ነበር። «በጊዜ ደርሳችኋል እኮ» አለች ጥያቄውን አልፋ። ያን ጊዜ ነው ለነፍሴ የፈራሁት።

ጉሉኮስ ተሰቀለልኝ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ጫካው ውስጥ የሰማሁት ውሃ ተከትሎኝ መጥቶ አሁን በክንዴ የሚገባ መሰለኝ። በሕልሜ ዛፎቹ ተሰልፈው ውሃ ሲያጠጡኝ አደሩ።

መልስ

ማርታ ቤት ጥቂት ቀን ተኛሁ። ሕመሙ ቢለቀኝም ሲስተሯ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ይጨርሱ ብላኛለችና ጨረስኩ፤ ተመልሼም ተመረመርኩ። እርዱን ማርታ ራሷ እየሰበረች መረጠችልኝ። ስትሸኘኝ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ። «ስትመለሺ ይህን ባዶውን አሳዪኝ» አለች።

የሚመልሰን ታምራት ነው። ሸኮን አልፈን ጫካው ጥላውን ሲያለብሰን ጠርሙሱ አልቆ ነበር።

«ታምራት፣ አቁም።»

«ማን ነው የቸኮለው?»

«እኔ።»

አንድ ሽማግሌ ጎሮሮአቸውን ጠረጉ። «ወንዶቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ዙሩ፤ ወፍ እዩ!» አልኩና ወረድኩ። ወደ ቡናው ጥላ ልገባ ስል ከኋላዬ የበር ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ቅርጫት የታቀፈች ሴት ወረደች። ቀጥላ አንዲት ነፍሰ ጡር። ቀጥላ ከታምራት ጎን ድምፅ ሳታሰማ የመጣችው መምህርት። አንዷ ነጠላዋን ዘረጋች፣ ሌላዋ ጫፉን ያዘች፤ ጫካው ውስጥ ነጭ ግድግዳ ቆመ።

«እንዴ!» አለ ታምራት ጀርባውን ሰጥቶን፣ «ሁላችሁም ቸኩላችሁ ነበር?»

«ሁላችንም ነበርን» አለች ነፍሰ ጡሯ ከነጠላው ጀርባ።

ስንሳፈር ለነፍሰ ጡሯ ሲስተሯ የነገረችኝን ነገርኳት፤ አንቺ እርጉዝ ነሽና ትንሽም ቢያቃጥልሽ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ አልኳት። ደም ካየሽ፣ ጎንሽ ተወግቶ ካተኮሰሽ፣ ሽንት እምቢ ካለሽም ብርድ ነው ብለሽ አትፍረጂ። ሽማግሌው በመስኮት ወፍ የሚያዩ መስለው ጆሯቸውን ሰጥተውናል። «ለወንድስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ለወፏ የተናገሩ ያህል። ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለሱ እንደሚያድሩ ነገሩን። እሳቸውም ጤና ጣቢያ እንዲታዩ ነገርኳቸው።

ሚዛን ስንገባ ጉሙ ቦታው ላይ ነበር። ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ውሃ መቅዳት ነው። እርዱን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ለመንገድ ስነሣ የማርታን ጠርሙስ ሞልቼ እይዛለሁ። ታምራትም ጫካው ጋ ሲደርስ ሳልጠይቀው ያቆማል፤ «ወንዶች፣ ወፍ!» ይላል።